ጣራ ሲደበዝዝ፤ ከመርከብ ጎን እስከ ሆሳዕና ቆርቆሮ

በክረምት ወራት ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በደመና ስንጥቅ ብቅ ስትል፣ ሆሳዕናን ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ የሚመለከት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ጣራዋን ነው። ግድግዳው በባሕር ዛፍና በእንሰት ተከልሏል፤ መንገዱ በሰውና በተሽከርካሪ ተሸፍኗል፤ ጣራው ግን ምንም ሳይጋርደው ከሰማይ ጋር ፊት ለፊት ተፋጥጦ ይታያል። አንዱ እንደ መስተዋት ያበራል። ሁለተኛው አመድማ ሆኖ ብርሃኑን ውጦ ዝም ብሏል። ሦስተኛው ከዳር ዳሩና ከምስማሩ ዙሪያ ጀምሮ የቡና አተላ መስሏል። አራተኛው ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ለብሷል፤ እርሱም ቢሆን ፀሐይ በሚበዛበት ጎኑ ብዙ ጊዜ እንደታጠበ ጨርቅ ነጣ ብሏል።

ይህን የቀለም ልዩነት ብዙ ሰው የሀብትና የድህነት ምልክት አድርጎ ያየዋል። የሚያበራው ጣራ የባለጸጋ፣ የደበዘዘው የደኻ፣ የዛገው ደግሞ የተረሳ ሰው ቤት ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። የጣራ መደብዘዝ የራሱ ሕግ፣ የራሱም ታሪክ አለው። ሕጉ አስቀድሞ የተመረመረው ከሐዲያና ከከምባታ ምድር እጅግ በራቀ ሥፍራ፣ በባሕር ላይ በሚጓዝ መርከብ ጎን ላይ ነው። ታሪኩ ግን የሆሳዕናና የዱራሜ፣ የሾኔ፣ የአንጋጫና የሺንሺቾ ታሪክ ነው። ሁለቱን አብሮ የተመለከተ ሰው ስለ ብረት ብቻ ሳይሆን፣ ከብረቱ በታች ስለሚኖረው ሕዝብ ድካምም የሚማረው ይኖራል።

ከቆርቆሮ በፊት

ሆሳዕና የቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ነው። የዛሬው መጠሪያዋ የከምባታ ገዥ ከነበሩት ከራስ አባተ ቧያለው ዘመን ጋር ተያይዞ ይነገራል፤ ስሙም የበዓለ ሆሳዕና ስም መሆኑ ግልጽ ነው። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። በሸዋ ሥር የከምባታና ሐዲያ አውራጃ ዋና ከተማ ሆና ኖራለች፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ደግሞ የክልሉ ዋና መቀመጫ ሆናለች። የከምባታ ከተሞች ዋና የሆነችው ዱራሜ በበኩሏ በአምበሪቾ ተራራ አካባቢ ትገኛለች። ይህ ሁሉ አገር የእንሰት አገር ነው። ሕዝቡ ተጠጋግቶ የሰፈረበት፣ ከበልግ እስከ ክረምት ዝናብ የሚወርድበት ደጋና ወይና ደጋ ነው።

በዚህ ምድር ጣራ ማለት ለብዙ ትውልድ ሣር ማለት ነበር። ክቡ ቤት በምሰሶ ቆሞ፣ ወራጁና ማገሩ በቃጫ ታስሮ፣ በላዩ ሣር ይደረደርበታል። ቃጫው ከእንሰቱ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡን የሚመግበው ተክል የቤቱንም አጥንት ያስር ነበር ማለት ነው። በአንድ ጣራ ሥር ሰውም ከብትም ያድር ነበር፤ ምድጃውም በውስጥ ነበር። ሥራው የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም። ጎረቤት በደቦ ወጥቶ ሣር ያጭዳል፣ ይሸከማል፣ ያቀብላል፤ ክዳኑን ግን በላይ ሆነው የሚደረድሩት እጃቸው የተመሰከረለት ባለሙያዎች ነበሩ። በጎረቤት የሐላባ ምድር ደግሞ የጎጆው ግድግዳ በልዩ ልዩ ቀለም ሥዕል ያጌጠ በመሆኑ እስከ ዛሬ ድረስ ይታወቃል። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ቢኖር፣ ጌጡ በግድግዳው ላይ መሆኑ ነው። ከጣራው ማንም ድምቀት አይጠብቅም ነበር።

የሣር ክዳንም ቢሆን ቀለሙን ይለውጣል። አዲስ የተከደነ ጎጆ እንደ ገብስ ነዶ ብጫ ሆኖ ይታያል። ጥቂት ክረምቶች ሲያልፉበት ግን ከውጭ ግራጫ ይሆናል፤ ከውስጥ ደግሞ በምድጃው ጢስ ጥቁር ይሆናል። ይህ ጥቁረት ጉድለት አልነበረም። ጢሱና ጥላሸቱ ምስጥንና ነቀዝን ያርቃል፤ እንጨቱንና ሣሩን ያደርቃል። የጠቆረ ጣራ የሚኖርበት ጣራ ነው፤ ምድጃው ከጠፋ ሣሩ ቶሎ ይበሰብሳል። ስለዚህ የጎጆው ሰው በቀለም ለውጥ አይደነግጥም ነበር። ጣራ ያረጃል፤ ጊዜው ሲደርስም ይታደሳል።

ይህ ሥርዓት የቆመው ግን ሣር እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ሕዝብ ሲበዛ የግጦሹ መሬት ታረሰ፤ ሣሩም በገንዘብ የሚገዛ ዕቃ ሆነ። ረጅሙ የክዳን ሣር ሲጠፋ የክዳኑ ባለሙያ ሥራ ፈታ። ቆርቆሮ ወደ ገጠሩ ጎጆ የደረሰው በውበቱ ብቻ ተወድዶ አይደለም፤ የሣሩ ማለቅም መንገዱን ጠርጎለት ነበር።

ብረቱ ሲመጣ

ስስ ብረትን በማዕበል መልክ ማጠፍ ጥንካሬ እንደሚሰጠው ተረድቶ በእንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት ያስመዘገበው ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የተባለ መሐንዲስ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1829 ነበር። ሰውዬው የሎንዶን ወደብ መሐንዲስ ስለነበረ ዕቃ ማከማቻ ጣራ ይፈልግ ነበር። ሆኖም ያን ጊዜ ብረቱ ራቁቱን ነበርና ዝናብ ሲነካው ይዝጋል። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1837፣ ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል ብረትን በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ነክሮ የማውጣትን ዘዴ አስመዘገበ። ዚንክ በ419 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ንጹሕ ብረት ከዚያ በጋለ የዚንክ መታጠቢያ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ የብር መልክ ያለው ልባስ ይይዛል። ሕዝቡ ቆርቆሮ ብሎ የሚጠራው ዕቃ እንግዲህ ከእነዚህ ሁለት ፈጠራዎች ጋብቻ የተወለደ ነው፤ እጥፋቱ ከፓልመር፣ ድምቀቱ ከሶሬል።

ይህ ዕቃ ወደ ኢትዮጵያ በብዛት የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንና ከዚያ ወዲህ ነው። በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥቱ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ የመኳንንቱና የነጋዴዎቹ ቤቶች ከሣር ወደ ቆርቆሮ ተሸጋገሩ። ከጅቡቲ የተነሳው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ቀድሞ በእንስሳ ጀርባ ብቻ ይጓዝ የነበረው የውጭ አገር ዕቃ በፉርጎ መጫን ቻለ። ወደ ደቡብ ግን ሐዲድ አልነበረም። ከአዲስ አበባ ወደ ከምባታና ሐዲያ የሚወርደው ቆርቆሮ መኪና እስኪደርስ ድረስ በአጋሰስና በሰው ትከሻ ላይ የሚጓዝ ዕቃ ነበር። ውድ ነበርና አስቀድሞ የሚለብሰው ሹም፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መደብርና የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ነበር።

በአማርኛ «ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰው» ይባላል። አነጋገሩ ብዙ ነገር ይገልጻል። ሣር ይከደናል፤ ቆርቆሮ ግን እንደ ካባ ይለበሳል። ካባ ደግሞ የማዕረግ ነገር ነው። ስለዚህ ከመነሻው ጀምሮ ሕዝቡ በቆርቆሮ ላይ ያየው ከዝናብ መጠለልን ብቻ ሳይሆን ክብርንም ነው። ያም ክብር ከድምቀቱ ጋር ተጣበቀ። ድምቀቱ ሲጠፋ ክብሩም የጠፋ የሚመስለው ከዚህ የተነሳ ነው።

የመርከቡ ትምህርት

ቆርቆሮ ለምን እንደሚደበዝዝ በትክክል ለመረዳት ግን ከደጋው ወርዶ ወደ ባሕር መሄድ ያስፈልጋል። ምክንያቱም የአንድ ብረት ልባስ ሌላውን እንዴት እንደሚጠብቅ የተመረመረው በጣራ ላይ ሳይሆን በመርከብ ሆድ ላይ ነው።

በአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት የአውሮፓ መርከቦች ከእንጨት የተሠሩ ነበሩ። በሞቃት ባሕሮች ውስጥ እንጨት የሚቦረቡር ትል አለ። ከዚህም በላይ ቀንድ አውጣ መሳይ ፍጥረትና የባሕር ሣር በመርከቡ ጎን ላይ እየተጣበቁ ጉዞውን ያዘገዩታል። እ.ኤ.አ. በ1761 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አላርም የተባለችውን መርከብ ከውኃ በታች ያለውን አካሏን ስስ መዳብ አልብሶ ወደ ካሪቢያን ባሕር ላካት። ስትመለስ እንጨቱ ደኅና ነበር፤ ትሉም አልነካውም። ይሁን እንጂ መዳቡን የያዙት የብረት ምስማሮች ተበልተው አልቀው ተገኙ። በምስማሩና በመዳቡ መካከል የመጠቅለያ ወረቀት በቀረበት ቦታ ብቻ ብረቱ ጤናማ ነበር። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በጨው ውኃ ውስጥ ሲነካኩ አንዱ ሌላውን እንደሚበላ በዚህ ታወቀ፤ ምክንያቱ ግን ገና አልታወቀም ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት የጋልቫኒና የቮልታ ዘመን መምጣት ነበረበት። በጣሊያን አገር ሉዊጂ ጋልቫኒ በእንቁራሪት እግር ላይ ባደረገው ምርመራ፣ አሌሳንድሮ ቮልታም እ.ኤ.አ. በ1800 የዚንክና የመዳብ ገበታዎችን ደራርቦ በሠራው መሣሪያ፣ የሁለት ብረቶች መነካካት የኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚፈጥር ታየ። የሶሬል ዘዴ በጋልቫኒ ስም መጠራቱም ከዚህ የመጣ ነው።

በ1820ዎቹ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የመርከቦቹ መዳብ በጨው ውኃ ቶሎ እያለቀ ስላስቸገረው ሃምፍሪ ዴቪ የተባለውን ታላቅ የኬሚስትሪ ሊቅ አማከረ። ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1824 ያቀረበው መፍትሔ በጣም ቀላል ነበር። በመዳቡ ላይ ጥቂት ዚንክ ወይም ብረት አስነክቶ ማሰር ነው። ያን ጊዜ ባሕሩ መዳቡን ትቶ ዚንኩን ወይም ብረቱን ይበላል። ሳማራንግ በተባለችው መርከብ ላይ ተሞከረ፤ መዳቡም እንደተባለው ተጠበቀ። ዳሩ ግን ያልታሰበ ነገር ተከተለ። መዳቡ መሟሟቱን ሲያቆም፣ ከእርሱ ይወጣ የነበረው ለባሕር ፍጥረታት መርዝ የሆነ ጨውም ቆመ። የተጠበቀው መዳብ በባሕር ሣርና በቅርፊት ለባሽ ተሸፈነ፤ መርከቧም ከበፊቱ ይልቅ ዘገየች። ባሕር ኃይሉ ዘዴውን ተወው።

የዚህ ሙከራ ውድቀት ከብዙ ሙከራዎች ስኬት ይልቅ ያስተምራል። መርከቧን ንጹሕ አድርጎ ያቆያት መዳቧ መጉደሉ ነበር። የሚያልቀው ነገር ማለቁ ራሱ ሥራው ነበር፤ ማለቁን ያስቆመ ሰው ሥራውንም አስቆመው። ዴቪ የደረሰበት ሕግ ግን ትክክል ነበርና አልተጣለም። ዛሬም በባሕር ላይ የሚሠሩ የብረት መርከቦች ከውኃ በታች ባለው አካላቸው ላይ የዚንክ ወይም የአሉሚኒየም ቁራጭ ያስራሉ። ቁራጩ እየተበላ ያልቃል፤ ሲያልቅም ይለወጣል፤ የመርከቡ አካል ግን ይቀራል። የሶሬል ዚንክም በብረት ላይ ተለብጦ የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ነው። እንግዲህ በሆሳዕና ሰማይ ሥር የተዘረጋው እያንዳንዱ ጣራ፣ ባሕር ሳያይ የመርከብን ሕግ የሚከተል ነው።

የጣራው አራት ዕድሜ

ከዚህ በኋላ ጣራውን እንደ መጽሐፍ ማንበብ ይቻላል። የመጀመሪያው ቀለም የአዲሱ ቆርቆሮ ብልጭታ ነው። ቀረብ ብሎ ያየው ሰው በገጹ ላይ የበረዶ አበባ የሚመስል ንድፍ ያገኛል፤ ዚንኩ ሲረጋ የሠራው ነው። ይህ ብልጭታ ራቁቱን የቆመ ዚንክ ነው፤ ገና ልብሱን አልለበሰም።

ዚንክ ከአየርና ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ በገጹ ላይ ስስ ቅርፊት ይሠራል። ቅርፊቱ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተቀብሎ ወደማይሟሟ ግራጫ ንብርብር ይለወጣል። ወራት በሄዱ ቁጥር ጣራው አመድማ ይሆናል። ብዙ ባለቤት ቤቱ ያረጀ የሚመስለው በዚህ ጊዜ ነው። በእውነቱ ግን ጣራው ገና ጎለመሰ። ግራጫው ቅርፊት ከሥሩ ያለውን ዚንክ ይጋርደዋል፤ ማለቁንም ያዘገየዋል። ብልጭታው የጠፋበት ቀን ጥበቃው የጠናበት ቀን ነው።

ሁለተኛ የሚታይ ቀለም አለ፤ እርሱ ግን የበሽታ ነው። ቆርቆሮ በእርጥብ ሁኔታ ተደራርቦ ከተቀመጠ፣ በመርከብም ሆነ በመኪና ላይ ዝናብ ገብቶበት ከቆየ፣ አየር የማያገኘው ዚንክ መልካሙን ቅርፊት መሥራት ስለማይችል ነጭ ዱቄት ይሆናል። ገና ጣራ ላይ ሳይወጣ ነጭ ነጥብ የጣለበት ቆርቆሮ ከዕድሜው የተወሰነውን በመጋዘን ጨርሷል ማለት ነው። ስለዚህ ነጭና ግራጫ ሁለቱም መደብዘዝ ቢሆኑም፣ አንዱ ጉዳት፣ ሌላው ጋሻ ነው።

ሦስተኛው ቀለም ቡናማው ዝገት ነው። ዚንኩ አልቆ ብረቱ ሲገለጥ ይመጣል። አስቀድሞ የሚታየውም በምስማሩ ዙሪያ፣ በተቆረጠው ጠርዝ፣ ሁለት ቆርቆሮ በሚደራረብበትና ቅጠል ውኃ ይዞ በሚቆይበት ቦታ ነው። ከውስጥ በኩል ደግሞ የምድጃ ጢስ ያፈጥነዋል። የሣሩን ክዳን ያቆየው ያው ጢስ ከብረቱ ጋር ጠላት ሆነ። ሌሊት ደጋው ሲቀዘቅዝ በቆርቆሮው ውስጠኛ ገጽ ላይ ጤዛ ይቋጠራል፤ ጢሱ ጤዛውን ኮምጣጣ ያደርገዋል። እናቶች ከትውልድ የወረሱት የምድጃ ቦታ ሳይለወጥ ጣራው ብቻ ሲለወጥ፣ ቤቱ ከውስጥ ይበላል። አዲስ ዕቃ አሮጌ ልማድ ላይ ሲመጣ የሚፈጠር ግጭት ከዚህ በላይ ግልጽ ምሳሌ አያሻውም።

ይህ ሁሉ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? መልሱ በዚንኩ መጠን ላይ ይመሠረታል። በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ሁለት ገጽ ላይ 275 ግራም ዚንክ ቢለበጥ፣ የአንዱ ገጽ ልባስ 20 ማይክሮን ገደማ ይሆናል፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። መጠኑ 100 ግራም ከሆነ ግን ልባሱ 7 ማይክሮን ብቻ ነው። ንጹሕ አየር ባለበት የገጠር አካባቢ ዚንክ በዓመት ከአንድ ማይክሮን በታች ይጎድላል፤ በባሕር ዳርቻና በፋብሪካ ጢስ ውስጥ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ በአንድ መንደር፣ በአንድ ዝናብ ሥር፣ አንዱ ጣራ ከሌላው ሦስት እጥፍ ሊኖር ይችላል። በተገዙበት ቀን ግን ሁለቱም እኩል ያበሩ ነበር። ድምቀት የልባሱን ውፍረት አይናገርም። ነጋዴው የሚጠራው ጌጅም የሚናገረው ስለ ውፍረቱ እንጂ ስለ ዚንኩ ብዛት አይደለም፤ የጌጁ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል።

የኪራይ ቤት ዝገት

የጣራ ቀለም የኬሚስትሪ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ የአስተዳደርም ጉዳይ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ፣ በመላው ኢትዮጵያ ከተሞች ቆርቆሮ የለበሱ የኪራይ ቤቶች ባለቤታቸው ተለወጠ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆነው በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። ይህ ለተከራዩ ታላቅ እፎይታ ነበር። ጣራውን በተመለከተ ግን አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ፤ ዚንኩ ሲያልቅ ማን ይተካዋል? ተከራዩ ቤቱ የእርሱ አይደለምና አይለውጠውም። ቀበሌው የሚሰበስበው ጥቂት ኪራይ ለጥገና አይበቃም። እንዲህ ሆኖ በየከተማው አሮጌው ሠፈር በዓመታት ውስጥ ቡናማ ጣራ ለበሰ። ቀዳዳው በድንጋይ በተጫነ ላስቲክ፣ በአሮጌ በርሜል ቅዳጅ ተሸፈነ።

የአገሪቱን ከተሞች የኋላ ታሪክ የሚመረምር ሰው ይህን ቡናማ ቀለም እንደ ሰነድ ሊያነበው ይገባል። ዝገቱ የድህነት ብቻ አልነበረም፤ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ያልተወሰነ ንብረት ቀለም ነበር። መርከብ ላይ የታሰረው የዚንክ ቁራጭ ሲያልቅ የሚለውጠው ሰው አስቀድሞ ይታወቃል፤ ከሌለ ግን ባሕሩ ወደ መርከቡ አካል ይገባል።

የባሕር ማዶ ልጆች ጣራ

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በሐዲያና በከምባታ ከተሞች ላይ ሌላ ቀለም መጣ። ከአካባቢው እጅግ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰደደ። ጉዞው በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ በኩል የሚያልፍ፣ እስራትና ሞት የበዛበት ነው። የደረሰው በአነስተኛ ንግድ ይሠራል፤ ዝርፊያና በውጭ አገር ሰው ላይ የሚነሣ ጥቃት ይጠብቀዋል። ከዚያ የሚልከው ገንዘብ በሆሳዕና፣ በሾኔና በዱራሜ ቤት ሆነ። ቤቱም ብዙ ጊዜ ባለ ቀለም ቆርቆሮ ለበሰ፤ ሕዝቡ ኢጋ የሚለው፣ ዝርጉ ሰፊ የሆነው ቀይና ሰማያዊ ጣራ ነው።

ይህ ጣራ ለቤተሰቡ ከጣራ በላይ ነው። በአካል የሌለው ልጅ በመንደሩ ላይ በሩቁ የሚታይ ፊርማው ነው። እናት እንግዳ ሲመጣ ወደ ላይ ታመለክታለች። የልጁ ዓመታት፣ ያልተኛባቸው ሌሊቶች በቀዩ ቀለም ተመስለው ይቆማሉ። ስለዚህ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ቀዩ ወደ ሐምራዊነት ሲያደላ፣ ሰማያዊው ሲነጣ፣ ሲዳሰስም እጅ ላይ ዱቄት ሲቀር፣ በቤተሰቡ ልብ ውስጥ የሚያድረው ኀዘን የቆርቆሮ ኀዘን ብቻ አይደለም።

ምክንያቱ ግን እርግማንም የልጁ ስስትም አይደለም፤ ፀሐይ ናት። ባለ ቀለም ቆርቆሮ ከሥሩ ዚንክ የለበሰ ብረት ነው፤ በላዩ የሚፈሰው የቀለም ሽፋን ብዙ ጊዜ 20 ማይክሮን አካባቢ፣ ከሰው ፀጉር ውፍረት ግማሽ የማይሞላ ነው። ቀለሙን አጣብቆ የያዘው ሙጫ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ባለው፣ ዓይን በማያየው ጨረር ይሰባበራል። ሙጫው ሲሰባበር የቀለሙ ቅንጣት ይለቀቅና ዱቄት ሆኖ በዝናብ ይታጠባል። ይህ ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ አሥር ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ሆሳዕና ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ለምድር ወገብም ቅርብ ናት። በባሕር ዳር የቆመ የመዝናኛ ጀልባ የብረት ብልጭታ ያለው ቀለሙ የሚጠፋው በዚሁ ሕግ ነው፤ ባለ ብዙ ገንዘቡ ጀልባና የስደተኛው እናት ጣራ በአንዲት ፀሐይ ይዳኛሉ። ከብረት ማዕድን የተገኘ ቡናማና ቀይ አፈር መሳይ ቀለም ብዙ ይቆያል፤ ደማቁ ቀይና አንዳንዱ ሰማያዊ ግን ቀድሞ ይሸነፋል።

ከዚህ ሁሉ መካከል ማጽናኛ የሚሆን እውነት አለ። የቀለሙ መንጣት የጣራው መሞት አይደለም። ከነጣው ቀለም በታች ዚንኩ ገና በቦታው ነው፤ ከዚንኩ በታችም ብረቱ። ቤቱ ከዝናብ የሚጠብቀው ቀለም ሳይሆን ይህ የማይታየው ክፍል ነው። ልጁ የላከው ገንዘብ የሠራው ሥራ አልጠፋም፤ የጠፋው ማስታወቂያው ብቻ ነው። የሚያስፈራው ቀለሙ ሲነጣ ሳይሆን ሲላጥና ሲቧጨር፣ በተቆረጠውም ጠርዝ ዝገት ሲጀምር ነው።

ስለ ጥበቃ

ይህ ዕውቀት ለባለሙያ ብቻ የሚቀር አይደለም። ቆርቆሮ የሚገዛ ሰው ስለ ብልጭታው ሳይሆን በካሬ ሜትር ስላለው የዚንክ መጠን ቢጠይቅ ገንዘቡ የት እንደገባ ያውቃል። ከመጋዘን እስከ ጣራ ድረስ ደረቅ ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ፣ ከርጥብ መሬትና ከሲሚንቶ አርቆ ዘንበል አድርጎ ማስቀመጥ ነጩን ዱቄት ይከለክላል። ምስማሩ ራሱ ዚንክ የለበሰና ላስቲክ ያለው ቢሆን የአላርም መርከብ ምስማር ዕጣ አይደርስበትም። አሸንዳው ከቅጠል ከጸዳ፣ ምድጃውም ጢሱን በጭስ መውጫ በኩል ወደ ውጭ ከላከ፣ ጣራው ከሁለቱም ገጽ ይተነፍሳል። ቡናማው ነጥብ ገና ትንሽ ሳለ ዝገቱን ፈግፍጎ ዚንክ ያለበትን ቀለም መቀባት ይቻላል፤ ጣራው ከተቀዳደደ በኋላ ግን መድኃኒቱ መለወጥ ብቻ ነው።

ሌላም መጠበቅ ያለበት ነገር አለ። የክዳን ሣርን የሚያውቁ፣ የወራጁን ተዳፋት በዓይናቸው የሚለኩ፣ ቃጫውን የሚያስሩ አዛውንት ከትውልድ ወደ ትውልድ እያነሱ ነው። ዕውቀታቸው በቃል ያለ ነው፤ በቃል ያለ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል። በሆሳዕና የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ዋቸሞ ተብሎ በከተማዋ ጥንታዊ ስም መጠራቱ መልካም ነው። ስሙን እንደጠበቀ ሁሉ የጎጆውንም ጥበብ በድምፅ፣ በሥዕልና በጽሑፍ ቢጠብቅ ለአካባቢው ታሪክ ትልቅ ውለታ ይሆናል። ይህም ወደ ሣር ጎጆ ለመመለስ አይደለም፤ የክዳን ሣሩም መሬቱም እንደ ድሮው አይገኙም። ነገር ግን ጣራ እንደሚያረጅና እንደሚታደስ ያውቅ የነበረው ሕዝብ ያን ትዕግሥቱን ለቆርቆሮውም ያስፈልገዋል።

ከመርከቡም ከጎጆውም የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። የባሕር ኃይሉ መዳቡ እንዳይጎድል ሲፈልግ መርከቡን አዘገየ፤ የጎጆው ሰው ግን የጠቆረውን ሣር አይቶ ምድጃው እንደሚነድ ያውቅ ነበር። ዛሬም በሆሳዕና ላይ ዝናቡ ካባራ በኋላ ዓይንን የሚስበው የሚያበራው ጣራ ነው። ከጎኑ ያለው አመድማ ጣራ ማንም ሳያየው ስንት ክረምት አሳልፏል፤ ዘንድሮም ከሥሩ ሕፃናት ሳይረጥቡ ተኝተዋል።